የአይሱዙ የኋላ ድርብ ጎማ አፈታትና አጠባበቅ፦ የውስጡን ዳዶ አትርሱ

ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት ወይም ወደ ሰቃ ጨቆርሳ ቡና ሊጭኑ የሚወጡት አብዛኞቹ አይሱዙ ኤን ፒ አር መኪኖች የኋላ ጎማቸው በሁለት ዓይነት ዳዶ የታሰረ ነው። በእያንዳንዱ ብሎን ላይ መጀመሪያ ረጅሙ የውስጥ ዳዶ ይገባል። የውስጡን ቸርኬ ከሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት የአክስል ጫፍ) ጋር የሚያጣብቀው እሱ ነው። ይህ ዳዶ በውጭ ገላውም ላይ ጥርስ አለው። የውጪው ቸርኬ በላዩ ከገባ በኋላ ባለ ስድስት ማዕዘኑ የውጭ ዳዶ የሚታሰረው በዚያ ጥርስ ላይ ነው። ጎማው ተገጥሞ ሲታይ ከውጪው ዳዶ መሐል ብቅ ያለ አራት ማዕዘን ጫፍ ይታያል፤ እሱ የውስጡ ዳዶ ነው።

ከዚህ አሠራር አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። የውጪውን ዳዶ የቱንም ያህል ብታጠብቁት የውስጡ አይጠብቅም። እንዲያውም የውጪው ሲጠብቅ የውስጡን ዳዶ ወደ ውጭ ይስበዋል እንጂ አያዞረውም። የውስጡ ላልቶ የውጪው ብቻ ሲጠብቅ ቁልፉ «ጠብቋል» ይላችኋል፤ የውስጡ ቸርኬ ግን በየጉድጓዱ እየተወዛወዘ ብሎኑን ይቆርጠዋል። መንገድ ላይ ጎማ አምልጦ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚዞረው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

አራት ማዕዘኑ ጫፍ ከሌለና በየብሎኑ አንድ ዳዶ ብቻ ሁለቱንም ቸርኬዎች ይዞ ከተገኘ መኪናችሁ የአዲሱ ዓይነት ነው። ያን ጊዜ ስለ ውስጥ ዳዶ የተባለውን ዝለሉ፤ ሌላው ሁሉ ይሠራል። የፊት ጎማም እንዲሁ በየብሎኑ አንድ ዳዶ ብቻ ነው ያለው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

በአንድ ጫፉ 41 ሚሊሜትር ባለ ስድስት ማዕዘን፣ በሌላው 21 ሚሊሜትር አራት ማዕዘን የሆነ የጎማ መፍቻ ከነእጀታው። ቁልፉን በእጅ አስገብታችሁ ፈትኑት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ የዳዶውን ማዕዘን ይበላዋል። ማዕዘኑ የተበላ የውስጥ ዳዶ ደግሞ መንገድ ላይ ቀርቶ ጋራዥም ውስጥ ያስቸግራል። ከዚህ ሌላ 10 ቶን የሚያነሳ ክሪክ፣ 5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ሰፊ ጣውላ፣ አራት ታኮ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ ትንሽ የሞተር ዘይት፣ ነጭ ቀለምና ሜትር ያዙ። የማጥበቂያ ልክ የሚያሳይ ቁልፍ ካላችሁ በጣም ጥሩ ነው። ከሌላችሁ በሰውነት ክብደት የሚለካበትን ዘዴ ከታች ታገኛላችሁ።

ወደየት ነው የሚዞረው?

በዚህ የጃፓን አሠራር በመኪናው ቀኝ በኩል ያሉት ብሎኖችና ዳዶዎች የተለመደው ጥርስ አላቸው። በግራ በኩል ያሉት ግን ጥርሳቸው የተገላቢጦሽ ነው፤ ሌላ ቦታ የሚያጠብቀው አዟዟር እዚያ ይፈታል። ምክንያቱ ጎማው ወደ ፊት ሲሽከረከር ዳዶው በራሱ የመፈታት ዝንባሌ እንዳይኖረው ነው።

ግራና ቀኝ እያሉ ከመጨነቅ አንድ ደንብ መያዝ ይበቃል። እጀታው ወደ መኪናው ኋላ ተጋድሞ ወደ ታች ሲጫኑት ይፈታል፤ ወደ መኪናው ፊት ተጋድሞ ወደ ታች ሲጫኑት ይጠብቃል። ይህ በሁለቱም በኩል ለውስጡም ለውጪውም ዳዶ ይሠራል። ረዳት ሆኖ ሥራ ለሚጀምር ልጅ መጀመሪያ መነገር ያለበት ይህ ነው።

ነገር ግን ቁልፉን ከመስካታችሁ በፊት የብሎኑን ጫፍና የዳዶውን ፊት በብሩሽ ጠርጋችሁ ፊደሉን ፈልጉ። የላቲኑ «ኤል» የግራ ጥርስ፣ «አር» የቀኝ ጥርስ ማለት ነው። አንዳንድ መኪና ሞዞው ወይም አክስሉ በሙሉ ከሌላ መኪና የመጣ ነው። አዳዲሶቹ ውስጥም በሁለቱም በኩል የቀኝ ጥርስ ያላቸው አሉ፤ በእነሱ ግራ ጎን ደንቡ ይገለበጣል። ፊደሉ ካልታየ ከብሎኑ ጫፍ የሚታየውን የጥርሱን አቅጣጫ በዓይን ተከታተሉ። አቅጣጫውን ሳያጣሩ ሁለት ሜትር ቱቦ እጀታው ላይ ሰክቶ መጫን ብሎን መስበር ነው። ብዙ የተሰበሩ የግራ ብሎኖች የተሰበሩት «አልፈታ አለኝ» እየተባለ ሲጠበቁ ነው።

መኪናውን ማቆም

ሜዳ ቦታ ፈልጉ። ከጅማ ወደ ጅሬን በሚወጣው ዓይነት ዳገት ላይ ወይም በጊቤ ቁልቁለት ጎማ አይፈታም። ጎማው ነፋስ ጨርሶም ቢሆን በዝግታ ሜዳ እስኪገኝ መሄድ ይሻላል፤ ኮፐርቶኑ ይጎዳል እንጂ ሰው አይሞትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሹፌር የማያስበው ነገር አለ። የኤን ፒ አር የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን በቀጥታ ሳይሆን ከካምቢዮው ኋላ ያለውን ዘንግ ነው። አንዱን የኋላ ጎን በክሪክ ስታነሱ የተነሳው ጎማ በዲፍሬንሻሉ በኩል ነፃ ሆኖ ይዞራል፤ መሬት ላይ የቀረውም አብሮ ይለቀቃል። የእጅ ፍሬን ተስቦ፣ ማርሽ ገብቶም ቢሆን መኪናው ከክሪኩ ላይ ሊንሸራተት ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በታኮ ያዙ። ይህ ሳይደረግ ክሪክ አይነካ።

በክረምት የጅማ ቀይ አፈር ክሪኩን ይውጠዋል። ጣውላውን ከሥር አንጥፉ፤ ጣውላ ከሌለ የባሕር ዛፍ ግንድ ቁራጭ በጠፍጣፋው ጎኑ ይሆናል። የተከመረ ድንጋይ ላይ ክሪክ አታቁሙ። ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም።

አፈታት

1. ጎማዎቹ መሬት ላይ እያሉ የውጪውን ዳዶ ጥርስና አራት ማዕዘኑን ጫፍ በብሩሽ አጽዱ። ዝገት ካለ ዘይት ወይም ናፍጣ ጠብ አድርጋችሁ ጥቂት ጠብቁ።

2. በአራት ማዕዘኑ ጫፍና በውጪው ዳዶ ላይ የሚያልፍ አንድ መስመር በቀለም አስምሩ። ከዚያ የውጪውን ዳዶ ሩብ ዙር ያህል ብቻ አላሉ። መስመሩ ከተሰበረ፣ ማለትም አራት ማዕዘኑ ባለበት ቀርቶ የውጪው ብቻ ከዞረ፣ ትክክል ነው። ሁለቱ አብረው ከዞሩ የውስጡ ዳዶ ነው እየተፈታ ያለው። ያን ጊዜ ሁለቱንም ጎማዎች ለማውረድ ተዘጋጁ፤ የተጣበቁትን ዳዶዎች በኋላ ሞርሳ (ብረት ጨምቆ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ ትለያዩአቸዋላችሁ።

3. ቸርኬው ቀለበት ያለው ከሆነ፣ የ7.50-16 ጎማ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው፣ ክሪክ ከማንሳታችሁ በፊት ቀለበቱን ዙሪያውን እዩ። ቀለበቱ ከቦታው ከተነሳ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ጎማው ነፋስ ጎድሎት ረጅም መንገድ ከሄደ የቫልቩን ልብ አውጥታችሁ ነፋሱን በሙሉ ልቀቁ። የውስጡም የውጪውም ይለቀቅ። ዳዶው ሲፈታ የሚፈናጠር ቀለበት ይገድላል። ከዚያ በኋላም መኪናው ላይ እንዳለ ነፋስ አትሙሉት፤ ጎሚስታ ዘንድ በብረት ሣጥን ውስጥ ይሞላ።

4. ክሪኩን ከአክስሉ ሥር፣ በምትፈቱት ጎማ በኩል ከባሌስትራው አጠገብ አቁሙ። ከዲፍሬንሻሉ ሆድ ሥር አይደለም። ጎማው ከመሬት 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር ሲነሳ ይበቃል።

5. የውጪ ዳዶዎቹን ፍቱ፤ ሁለት ትይዩ ዳዶዎችን ግን በጥቂት ጥርስ እንደያዙ ተዉ። ጎማውን በእጅ ነቅንቁት። ከለቀቀ ቀሪዎቹን አውጡና አውርዱት። ተጣብቆ ከቀረ ኮፐርቶኑን በእንጨት ጉማጅ ምቱት እንጂ ቸርኬውን በመዶሻ አትምቱ። ጎማው ከነቸርኬው ከ40 ኪሎ ያላነሰ ስለሚመዝን እግራችሁን ከሥሩ አርቁ።

6. የውስጡም የሚወርድ ከሆነ የውስጡ ጎማ መሬት እስኪነካ ክሪኩን ትንሽ ዝቅ አድርጉ። ጎማው በአየር ላይ ሆኖ የእጅ ፍሬኑ አይይዘውምና አብሮ ይዞርባችኋል። በ21ዱ ጫፍ አላልታችሁ መልሳችሁ አንሱትና አውጡ።

አልፈታ ያለ ዳዶን በእሳት ማሞቅ የተለመደ ነው፤ አታድርጉት። የሞቀ ቸርኬ በውስጡ ያለውን ነፋስና ጎማ አሙቆ ሊያፈነዳ ይችላል። ብሎኑም ጥንካሬውን ያጣል፤ በዓይን ግን ደህና ይመስላል።

ከመግጠም በፊት መታየት ያለበት

የዳዶው መቀመጫ ክብ ጎድጓዳ ነው። በቸርኬው ላይ ያለው ቀዳዳ ጠርዝ እኩል ክብ መሆን አለበት፤ ወደ አንድ ጎን ከረዘመ ወይም ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ስንጥቅ ካለ ቸርኬው አበቃለት። በብየዳ አይድንም። በብሎኑ ጥርስ ላይ ዳዶውን በእጃችሁ አስገቡ፤ ያለ ቁልፍ እስከ ሥር መሄድ አለበት። መሐል ላይ የሚይዝ ከሆነ ብሎኑ ተስቧል፤ ቀይሩት።

ሞዞው ከቸርኬው ጋር የሚገናኝበትንና ሁለቱ ቸርኬዎች እርስ በርስ የሚነካኩበትን ገጽ በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ አጽዱ። ጭቃ፣ ዝገትና በተለይ ወፍራም ቀለም ጠላት ናቸው። መኪናውን ለማሳመር ቸርኬውን ደርበው ደራርበው ይቀቡታል፤ ያ ቀለም በዳዶው ግፊት ቀስ በቀስ ይፈረከሳል። ዳዶው ሳይዞር እንኳ ማጥበቂያው ይላላል። ቀለም የሚቀባው ሌላው ቦታ እንጂ እነዚህ ገጾች አይደሉም።

በጥርሱና በክቡ መቀመጫ ላይ በጨርቅ ስስ የሞተር ዘይት ቀቡ። ግራሶ አይሆንም። ግራሶ ሰበቃውን በጣም ስለሚቀንሰው በዚያው ጉልበት ብሎኑ ከሚችለው በላይ ይሳባል።

አገጣጠም

የውስጡን ጎማ አስገቡ። ቫልቩ ወደ ውጭ ዞሮ በውጪው ቸርኬ መስኮት በኩል እጅ የሚያገኘው መሆን አለበት። የሁለቱ ጎማዎች ቫልቮች ትይዩ፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ይሁኑ። አለበለዚያ የውስጡን ነፋስ ለመለካት በየጊዜው የውጪውን ማውረድ ሊኖርባችሁ ነው፤ ማንም ስለማያወርድም የውስጡ ነፋስ ሳይለካ ይቀራል።

የውስጥ ዳዶዎቹን በእጅ አራት አምስት ዙር አስገቡ። በቁልፍ የተጀመረ ዳዶ ጥርስ ሊጋፋ ይችላል። ከዚያ ብሎኖቹን በዙሪያው ከ1 እስከ 6 ቆጥራችሁ በዚህ ተራ አጥብቁ፦ 1፣ 4፣ 3፣ 6፣ 5፣ 2። ባለ አምስት ብሎን ከሆነ 1፣ 3፣ 5፣ 2፣ 4። ሦስት ዙር ሂዱ። መጀመሪያ ቸርኬው እስኪቀመጥ በእጅ፣ ቀጥሎ በግማሽ ጉልበት፣ በመጨረሻ ጎማው መሬት ነክቶ በሙሉ ልክ። ተከታታይ ዳዶዎችን አጠባብቃችሁ ከሄዳችሁ ቸርኬው በአንድ ጎኑ ተንጋዶ ይቀመጥና የመጀመሪያዎቹ ዳዶዎች መልሰው ይላላሉ።

ቀጥሎ ክሪኩን መልሳችሁ ከፍ አድርጉና የውጪውን ጎማ አንስታችሁ አስገቡ። ሌቫ (የብረት ዘንግ) ከሥሩ አስገብቶ ማንሳት ወገብን ያድናል። የውጭ ዳዶዎችን በዚያው ተራ፣ በዚያው ሦስት ዙር እሰሩ። የመጨረሻው ዙር ክሪኩ ወርዶ መኪናው በሁሉም እግሩ ሲቆም ነው።

ልኩ ለአብዛኛው ኤን ፒ አር 440 ኒውተን ሜትር፣ ወደ 45 ኪሎ ግራም ሜትር ነው፤ ለውስጡም ለውጪውም። የእናንተን መኪና መመሪያ መጽሐፍ እዩ። እንደ ኤፍ ኤስ አር ያሉት ትልልቆቹ ከዚህ በላይ ይፈልጋሉ።

ልክ የሚያሳይ ቁልፍ የሌለው እንዲህ ያስላ። 45ን ለሰውነት ክብደት ማካፈል ነው። 70 ኪሎ ሰው ከሆነ 0.65 ሜትር ገደማ ይመጣል። 60 ኪሎ ከሆነ 0.75 ሜትር። ከዳዶው መሐል ጀምራችሁ ያን ያህል በሜትር ለኩና እጀታው ላይ ምልክት አድርጉ። እጀታውን ወደ መኪናው ፊት አግድሙ፤ ከመሬት ጋር ትይዩ ይሁን። ምልክቱ ላይ በአንድ እግር ቀስ ብላችሁ ሙሉ ክብደታችሁን አሳርፉ። አትዝለሉ፣ አትወዝውዙ፣ ለሚዛን ብቻ ሣጥኑን ነካ አድርጉ። እጀታው መውረዱን ሲያቆም ዳዶው ልኩ ላይ ነው። እያለፈ ከወረደ እንደገና አስተካክላችሁ ድገሙት። ያው 70 ኪሎ ሰው አንድ ሜትር ተኩል ቱቦ ላይ ቢቆም 105 ኪሎ ግራም ሜትር ያሳርፋል፤ ከልኩ ሁለት እጥፍ በላይ ነው። እንደዚያ የተሳበ ብሎን ወደ ነበረበት አይመለስም። በኋላ ሲሰበር ደግሞ «ብሎኑ ፎርጅድ ነው» ይባላል።

ጎሚስታ ቤት በነፋስ የሚሠራው መፍቻም እንዲሁ ነው። ዳዶውን አሩጦ ለማስገባት ጥሩ ነው፤ ለመጨረሻው ጉልበት ግን መለኪያ የለውም። መጨረሻውን በእጅ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ፣ ወይም ራሳችሁ አድርጉት።

ሲያልቅ በአራት ማዕዘኑ ጫፍ፣ በውጪው ዳዶና በቸርኬው ላይ የሚያልፍ አንድ ነጭ መስመር አስምሩ። ታኮ ያደረጋችሁትን ድንጋይ ከአስፋልቱ ላይ አንሱ፤ ማታ ለሚመጣው ሞተር ሳይክልና ባጃጅ ወጥመድ ነው።

ዳግም ማጥበቅ

አዲስ የተገጠመ ጎማ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንደገና መጥበቅ አለበት። ቀለሙ፣ ዝገቱና መቀመጫው በመጀመሪያው መንገድ ላይ ይረግጣሉ፤ ዳዶውም ያንኑ ያህል ይላላል። ከጅማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አሰንዳቦ ላይ፣ ወደ ምዕራብ የሚሄድ አጋሮን አለፍ ብሎ ቢያቆም ጊዜው ልክ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው ስሕተቱ የሚደጋገመው። ረዳቱ ወርዶ በ41ዱ ቁልፍ የውጭ ዳዶዎቹን ብቻ ጫን ጫን አድርጎ ይመለሳል። የውስጡ እንዳለ ቀረ። ትክክለኛው አካሄድ እንዲህ ነው፦ መኪናው መሬት ላይ እንደቆመ፣ ክሪክ ሳይነካ፣ 1፣ 3ና 5 ቁጥር የውጭ ዳዶዎችን አላሉ። በእነዚሁ ብሎኖች ያሉትን የውስጥ ዳዶዎች በ21ዱ ጫፍ በልኩ አጥብቁ። ከዚያ 1፣ 3ና 5 የውጪዎቹን መልሳችሁ በልኩ አጥብቁ። አሁን 2፣ 4ና 6ን በተመሳሳይ መንገድ ሥሩ። ሁልጊዜ ግማሹ ጎማውን እንደያዘ ስለሚቆይ አደጋ የለውም። ለአንድ ጎን ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል።

በየቀኑ ጠዋት

ነጩን መስመር እዩ። ከቸርኬው ጋር ሲነጻጸር የውጪው ዳዶ ከዞረ እሱ ላልቷል፤ አራት ማዕዘኑ ላይ ያለው ጭረት ብቻውን ከተዛነፈ የውስጡ ነው። ጣታችሁን በዳዶው አንድ ጎን አሳርፋችሁ ሌላውን ጎን በትንሽ መዶሻ ምቱ። ጥርት ያለ ድምፅ ጥሩ ነው። የደነዘዘ ድምፅ ወይም ጣት ላይ የተለየ ንዝረት ከመጣ ቁልፍ አውጡ። ይህ ፍተሻ ጥቂት የላላውን አያሳይምና መለካትን አይተካም።

ከዳዶው ሥር ወደ ውጭ የሚፈስ ቡናማ የዝገት ጭረት ብረት በብረት እየተፋጨ መሆኑን ይናገራል። የኛ አቧራ ቀይ ስለሆነ በቀላሉ ይምታታል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉትና ከአንድ ምልልስ በኋላ እዩ። አቧራ ቸርኬውን በሙሉ ያለብሳል፤ ዝገት ግን ከዳዶው ጀምሮ እንደ ጨረር ይዘረጋል።

ብሎን ከተሰበረ

አንድ ብሎን ከተሰበረ እሱን ብቻ አትቀይሩ። ሸክሙን የተሸከሙት በግራና ቀኙ ያሉት ጎረቤቶቹ ደክመዋል፤ ሦስቱም ይቀየሩ። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ከተሰበሩ የዚያ ሞዞ ብሎኖች በሙሉ ይለወጡ፤ ቸርኬዎቹም ቀዳዳቸው ይታይ። መርካቶ መለዋወጫ ስትገዙ «የአይሱዙ ዳዶ» ብላችሁ አትጠይቁ። የመኪናውን ዓይነት፣ የግራ ወይስ የቀኝ፣ የውስጥ ወይስ የውጭ መሆኑን ተናገሩ። አሮጌውን ብሎን ይዛችሁ ሂዱና አዲሱን ዳዶ እዚያው ሱቁ ውስጥ በእጃችሁ አስገቡበት፤ ሳይያዝ እስከ ጥርሱ መጨረሻ ከሄደ ክፈሉ።